ምዕራፍ ሰባት፦ ጭነት የሚፈልግ ሕመም

ከ2012 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ 313 የትከሻ ሕመምተኞች ያልተለመደ ስምምነት ፈረሙ። ሁሉም ትከሻቸውን ከታመሙ ሦስት ወር አልፏቸዋል። ፊዚዮቴራፒም መርፌም ሞክረዋል፤ የትከሻቸው ጅማት ግን አልተበጠሰም። የፈረሙት በዕጣ ከሦስት ቡድኖች በአንዱ ለመመደብ ነው። የመጀመሪያው ቡድን በጊዜው የተለመደውን ቀዶ ሕክምና ያገኛል፤ ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የትከሻውን ጣሪያ አጥንት ከሥሩ ይሞርዳል። ሁለተኛው ቡድን ሰመመን ይሰጠዋል፣ ቆዳው ይበሳል፣ ካሜራው ገብቶ ውስጡ ይታያል፤ ከዚያ ምንም ሳይነካ ይዘጋል። ሦስተኛው ቡድን ምንም አይደረግለትም፤ ቀጠሮ ተይዞለት ቤቱ ይጠብቃል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ለገቡት ሰዎች አጥንታቸው ይሞረድ አይሞረድ አልተነገራቸውም።

ከስድስት ወር በኋላ ሁሉም ስለ ሕመማቸውና ስለ ዕለት ሥራቸው ተጠየቁ። መልሱ የተለካው ከ48 ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን ትከሻው ደኅና ነው ማለት ነው። አጥንታቸው የተሞረደው ሰዎች በአማካይ 32.7 አገኙ። ካሜራ ብቻ የገባላቸው 34.2 አገኙ። ምንም ያልተደረገላቸው ደግሞ 29.4። መሞረዱ ካለመሞረዱ አልተሻለም። ቀዶ ሕክምና ክፍል በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለው የሦስት ነጥብ ያህል ልዩነትም ሰው በኑሮው ውስጥ «ተሻለኝ» ብሎ የሚያውቀው ዓይነት እንዳልሆነ አጥኚዎቹ ጻፉ። ዘ ላንሴት ላይ በ2018 ከታተመው ከዚህ ጥናት ጋር በአንድ ዓመት ፊንላንዶችም በ210 ሰዎች ላይ የሠሩትን አወጡ። የእነሱ ሦስተኛ ቡድን በፊዚዮቴራፒስት እየተመራ እንቅስቃሴ ይሠራ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካ ሞረዱም አልሞረዱም ያው ነው፤ እንቅስቃሴ የሠሩትም በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ይህ ነው በሚባል መጠን ወደ ኋላ አልቀሩም። በ2019 አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ለእንዲህ ያለው ሕመም ይህ ቀዶ ሕክምና እንዳይሠራ አጥብቆ መከረ። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ በ2000 ወደ 2,500 ገደማ የነበረው የዚህ ቀዶ ሕክምና ቁጥር በ2010 ከ21,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ስለ እንቅስቃሴ ለመጻፍ ተነሥቼ ከቀዶ ሕክምና የጀመርኩት ሐኪሞችን ለማሳጣት አይደለም። ትከሻውን ለታመመ ሰው «እንቅስቃሴ ሥራ» ሲባል ፊቱ ላይ የሚነበበው ጥርጣሬ ስለማውቀው ነው። «ውስጡ የተበላሸ ነገር እያለ እጅ ማንሣትና መጣል ምን ይፈይዳል?» ይላል፤ ባይናገረውም ያስበዋል። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። የተማሩ ሰዎችም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያሰቡት እንዲሁ ነው።

ሐሳቡ መልክ የያዘው በ1972 ነው። ቻርልስ ኒር የተባለ የኒው ዮርክ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ትከሻ የሚታመመው ክንድ ሲነሣ ጅማቱ ከላይ ባለው አጥንት ስለሚፈገፈግ ነው ብሎ ጻፈ። ከተፈገፈገ ይቆስላል፣ ከቆሰለ ይሳሳል፣ ከሳሳ ይበጠሳል። መፍትሔውም ከዚሁ ይከተላል፤ የሚፈገፍገውን አጥንት መቀነስ። በሥዕል ለማስረዳት የሚመች፣ ሕመምተኛም ወዲያው የሚረዳው ነገር ነበር። በሽታ እንዲህ ቀላል ቢሆን ደግ ነበር።

ከኒር አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ ግን ኧርነስት ኮድማን የሚባል የቦስተን ሐኪም ስለ ትከሻ ብቻ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ዓመቱ 1934 ነው። ኮድማን ጅማቱ በውስጡ እያረጀ እንደሚሄድ ያምን ነበር። ለታመሙት ካዘዛቸው ነገሮች አንዱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፦ ጎንበስ ብሎ ክንድን ዘና አድርጎ አንጠልጥሎ ቀስ እያሉ ማወዛወዝ። ይህ ሰው በዘመኑ የታወቀው ግን በትከሻ አልነበረም፤ በነዝናዛነቱ ነው። አንድ ሆስፒታል የታከመውን ሰው ሁሉ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተከታትሎ «ዳነ ወይስ አልዳነም?» ብሎ መዝግቦ ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት ይል ነበር። በ1915 በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ወርቃማ እንቁላል ለሐኪሞች የምትወረውር ሰጎን አስሎ ገለጠ። ሰጎኗ የቦስተን ሀብታም ሕመምተኞች ናት። ሥልጣኑንም ወዳጆቹንም ያሳጣው ይህ ነው። ያ ጥያቄው ከመቶ ዓመት በኋላ ዞሮ በገዛ መስኩ፣ በትከሻ ላይ፣ መመለሱ ያስገርመኛል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ትከሻ ካሉን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዙ አቅጣጫ የሚዞር ነው። እንዲህ እንደ ልቡ የሚዞረው አጥንት በአጥንት ስላልታቀፈ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን ትንሽና ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከክቡ ሢሶውን ያህል ብቻ ነው የሚነካው። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ ቢያስቀምጡ ማለት ነው። ብርቱካኗ እንዳትንሸራተት የሚይዟት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ሐኪሞች በአንድነት ሮቴተር ከፍ ይሏቸዋል። ጀርባችን ላይ ካለው ጠፍጣፋ አጥንት ተነሥተው በጅማቶቻቸው የክንዱን ራስ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ ያቅፉታል። ከውጭ የሚታየው ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ክንዱን ወደ ላይ ሲስብ፣ አራቱ ደግሞ ራሱን ወደ ጎድጓዳው ይጫኑታል። ካልተጫኑት የክንዱ ራስ ወደ ጣሪያው ይሸሻል።

ጠፍጣፋው አጥንትም ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ክንዳችንን ከጎናችን እስከ ጆሯችን ስናነሣ ከመንገዱ ሢሶ ያህሉን የሚሄደው እሱ ነው፤ ከጎድን አጥንቶች ላይ እየተንሸራተተና እየዞረ ጎድጓዳውን ወደ ላይ ያቀናዋል። እንዴት እንደሚንሸራተት ማየት የሚፈልግ እስክስታ የሚወርድ ሰው ጀርባ ይመልከት። እጁ ወገቡ ላይ ሆኖ የሚርገፈገፈው በአብዛኛው ይኸው አጥንት ነው። ይህን የሚይዙት ጡንቻዎች ሲደክሙ አራቱ ትንንሾች ብቻቸውን ይቀራሉ።

የአንድ ሰው ክንድ ከነእጁ ከሰውነቱ ክብደት አምስት በመቶ ያህል ይመዝናል። ስድሳ ኪሎ የምትመዝን ሴት እጇን ባዶውን ስትዘረጋ ሦስት ኪሎ ዘርግታለች። ምጣድ ላይ ቆማ አክንባሎውን ስታነሣ ክብደቱ ከትከሻዋ ርቆ ከእጇ ጫፍ ላይ ነው፤ በራቀ ቁጥር ደግሞ ጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ቀኑን ሙሉ ክርኗ በደረቷ ልክ ነው። ጣሪያ የሚቀባ ሰው፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ አስተማሪ፣ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ረዳት፣ እንደዚሁ። እነዚህ ሰዎች ሕመሙ ሲጀምራቸው «ብርድ መታኝ» ይላሉ። ቅባት ይቀባሉ፣ በትኩስ ጨው ይተኩሳሉ፤ ሙቀቱ ለጊዜው ያስታግሳልና ነውር የለውም። ከዚያ እጃቸውን ማሳረፍ ይጀምራሉ። ቀስ እያሉ በሌላው እጃቸው መሥራት፣ ከፍ ያለውን ዕቃ ሰው እንዲያወርድላቸው መጠየቅ፣ በታመመው በኩል አለመተኛት። ሦስት ወር ሲሞላው ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። በእነዚያ ወራት ጡንቻው ሟሽሿል፤ ጅማቱም መሸከም ረስቷል። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ ሠላሳ እንጀራ መጋገር የግድ ሲሆን ያ የደከመ ትከሻ በአንድ ጊዜ ሙሉ ሥራው ይጫንበታል፤ ሌሊቱን ያስለቅሳል። «አሳርፌው እንኳ አልተሻለኝም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ያለው ማሳረፉ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ አቅም ያለው ሰው ኤም አር አይ ወይም አልትራሳውንድ ይነሣል። ወረቀቱ ላይ «ተቀዷል»፣ «ሳስቷል»፣ «ውሃ አለው» የሚል ነገር ተጽፎ ይመጣል። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ እጁን ጨርሶ አያነሣውም፤ የቀረችው ክር ትበጠሳለች ብሎ ይፈራል። ለእንዲህ ያለ ሰው በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ብነግረው ደስ ይለኛል። አጥኚዎቹ ከ40 እስከ 70 ዓመት የሆናቸውና ትከሻቸውን ምንም የማያማቸው 51 ወንዶች ሰብስበው በአልትራሳውንድ አዩአቸው። 96 በመቶዎቹ ትከሻ ውስጥ «ችግር» ተገኘ። ሽበት ፀጉር ላይ እንደሚወጣ ሁሉ የትከሻ ጅማትም ከዕድሜ ጋር መልኩ ይለወጣል፤ ወረቀቱ የሚነግረን ብዙ ጊዜ ዕድሜያችንን ነው።

ቀዳዳ ቢኖርስ? በአሜሪካ በበርካታ የሕክምና ማዕከሎች፣ ሳይወድቁና ሳይመቱ ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ የተቀደደ 452 ሰዎች እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ተደርጎ ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ጅማቱ አልተሰፋም፤ ቀዳዳው እዚያው አለ። ቀዳዳ ያልነካቸው ጡንቻዎች ግን ጠንክረው ሥራውን ተከፋፈሉት፤ ሕመሙ ቀነሰ። ከዚሁ ጥናት የወጣ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ ማን መጨረሻ ላይ ወደ ቀዶ ሕክምና እንደሚሄድ ከቀዳዳው ስፋት ይልቅ አጥብቆ የተነበየው ሰውየው ሲጀምር «ይህ እንቅስቃሴ ይረዳኛል» ብሎ ማመን አለማመኑ ነበር። ነገሩን እንደ ተአምር መውሰድ አያስፈልግም። ያላመነ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

ማንኛውም እንቅስቃሴ ይበቃል ማለት ግን አይደለም። ስዊድን ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ 102 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ነበር፤ ውጤቱ በ2012 ታተመ። ግማሾቹ አራቱን ትንንሽ ጡንቻዎችና የጠፍጣፋውን አጥንት ጡንቻዎች በጭነት እያሠሩ አጠነከሩ። ሌሎቹ አንገትና ትከሻቸውን ያለ ጭነት አንቀሳቀሱ፤ ማፍታታት ልንለው እንችላለን። ከሦስት ወር በኋላ ካፍታቱት መካከል 63 በመቶው ቀዶ ሕክምናውን መረጡ። በጭነት ከሠሩት የመረጡት 20 በመቶው ብቻ ናቸው። ሁለቱም ቡድኖች ሲጀምሩ አንድ ዓይነት መርፌ ስለተወጉ ልዩነቱ ከመርፌው አይደለም።

የጭነቱን ነገር ቀድሞ ያስተዋለው ቶማስ ደሎርም የተባለ አሜሪካዊ ወታደራዊ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ቺካጎ ያክም ነበር። የጊዜው ልማድ ቀላል ነገር እያነሡ መቶ ጊዜ መደጋገም ነበር። እሱ በየሳምንቱ የሚጨምር ከባድ ነገር ጥቂት ጊዜ አስነሣቸው፤ በፍጥነት ተመለሱ። በ1945 ጻፈው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ፊዚዮቴራፒስት ላስቲክ ሲያቀብልና «በሚቀጥለው ሳምንት ወፍራሙን ትይዛለህ» ሲል የሚከተለው ይህን ሰው ነው።

መጠኑ ስንት ነው? ስዊድኖቹ ያዘዙት እያንዳንዱን እንቅስቃሴ 15 ጊዜ፣ አረፍ እየተባለ ሦስት ዙር፣ ጧትና ማታ፣ ለስምንት ሳምንት ነበር። ከዚያ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ። ያሰለቻል። ማንም ደስ እያለው የሚሠራው ነገር አይደለም፤ ለሕመምተኛ «ቀላል ነው» እያሉ የሚሸነግሉ ባለሙያዎች አይመቹኝም። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው፤ ደሙ ትንሽ፣ ለውጡም አዝጋሚ። ለዚህ ነው ወር ሳይሞላ «አልሠራልኝም» ማለት የማይቻለው።

ስለ ሕመሙ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ሲያምዎት ያቁሙ» የሚለው የቆየ ምክር ለዚህ ዓይነቱ ትከሻ አይሆንም። ያን ከተከተሉ ከመጀመሪያው ቀን አያልፉም። ስዊድኖቹ ሕመምን ከዜሮ እስከ አሥር አስለክተው እስከ አምስት ድረስ ፈቀዱ፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከመሥራት በፊት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ጧት ሠርተው እስከ ማታ ከበረደ ጭነቱ ልክ ነው። ሌሊቱን ካላስተኛዎት በዝቷል፤ ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ሦስቱንም ዙር ያለ ምንም ሕመም ካለፉት ደግሞ አንሷል።

መሣሪያው በየቤቱ አለ። ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ነው፤ የአንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ። አሸዋ ቢሞሉት ይከብዳል። ላስቲክ ያጣ ሰው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቆርጦ መያዝ ይችላል።

ከሁሉ ቢቀር ቢቀር መቅረት የሌለበት ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ነው። በዕለት ሥራችን እጃችን ሁልጊዜ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ወደ ውጭ የሚያዞሩት ከኋላ ያሉት ሁለት ጡንቻዎች እምብዛም ሥራ አይሰጣቸውም። በደኅናው ጎንዎ ይተኙ። የታመመው ክንድ ክርን ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ከጎድንዎ ላይ ይረፍ፤ በክርኑና በጎድኑ መካከል የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ፤ ክርንዎ እንዳይሸሽ ይጠብቀዋል። ጠርሙሱን ይዘው እጅዎን ከሆድዎ ወደ ጣሪያው ያንሡ፤ ክርንዎ ግን ከፎጣው አይነሣ። ሲያነሡ ሁለት እስኪቆጥሩ፣ ሲያወርዱ አራት እስኪቆጥሩ። ማውረዱን አያቻኩሉት፤ ጡንቻው እየተለጠጠ የሚሸከመው ያን ጊዜ ነው፤ ስዊድኖቹም ያተኮሩት እዚህ ላይ ነው። ቆሞ መሥራት ለሚሻ ላስቲኩን የበር እጀታ ላይ አስሮ፣ ክርኑን ፎጣው ላይ አጣብቆ ወደ ውጭ ይጎትት።

ለጠፍጣፋው አጥንት ሁለት ነገር ይበቃል። አንዱ ከግድግዳ አንድ እርምጃ ርቆ ቆሞ በሁለት እጅ ግድግዳውን መግፋት ነው፤ ክርኑ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ጀርባው ትንሽ ጎበጥ እስኪል ጨምሮ መግፋት፤ ያቺ የመጨረሻዋ ግፊት ናት አጥንቱን ጎድን ላይ የምታቅፈውን ጡንቻ የምታሠራው። ሁለተኛው ላስቲኩን በሁለት እጅ ይዞ ክርንን ወደ ኋላ መጎተት ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ተሳስተዋል። እነዚህ ከተለመዱ በኋላ ክንድ ማንሣት ይመጣል፤ ወደ ጎን በቀጥታ አይነሣም፣ ወደ ፊት ሠላሳ ዲግሪ ያህል ገባ ብሎ፣ አውራ ጣት ወደ ሰማይ ሆኖ። መጀመሪያ በባዶ እጅ፣ ከዚያ በትንሿ ጠርሙስ። በጣም ለከፋ ቀን ደግሞ የኮድማን ማወዛወዝ አለ፤ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ብሎ እጅን ማንጠልጠል። እሱ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጡንቻ አይገነባም፤ በእሱ ብቻ ተወስነው ወራት የሚያሳልፉ ሰዎች የደከመውን ትከሻ እንደደከመ ይዘው ይቆያሉ።

ለዚህ ሁሉ ባለሙያ ዘንድ ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል? ብሪታንያ ውስጥ በ708 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2021 የታተመ ትልቅ ጥናት ይህንኑ ጠየቀ። ግማሾቹ በአሥራ ስድስት ሳምንት ውስጥ እስከ ስድስት ጊዜ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ሠሩ። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኙ፤ በደንብ ተመረመሩ፣ ምን እንደሆኑ ተነገራቸው፣ ቤታቸው የሚሠሩትን ጥቂት እንቅስቃሴ ተምረው፣ ጭነቱን መቼ እንደሚጨምሩ አውቀው ሄዱ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ናቸው። ከየቡድኑ ግማሾቹ መርፌ ተወግተው ነበር፤ በስምንተኛው ሳምንት ትንሽ ረዳቸው፣ ከዚያ በኋላ ጥቅሙ ጠፋ።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ ፊዚዮቴራፒ ዋጋ የለውም» ይላሉ። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። ያቺ አንድ ሰዓት በደንብ ከተሠራባት ትበቃለች ማለት ነው፤ የቀረው ሥራ የሕመምተኛው ነው። ለኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ዜና ይመስለኛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ ሆኖም ከትላልቅ ከተሞች ውጭ ባለሙያው በቀላሉ አይገኝም። ከገጠር ተነሥቶ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣ ገበሬ በሳምንት ሁለቴ ተመላለስ ቢባል አይሆንለትም። አንድ ጊዜ መጥቶ በቅጡ ተመርምሮ፣ ሦስት እንቅስቃሴ በደንብ ተምሮ ላስቲኩን ይዞ ቢሄድ ግን ብዙ አልጎደለበትም። በየክሊኒኩ አሥር ቀን የሙቀት መብራትና የኤሌክትሪክ ንዝረት ብቻ ተደርጎለት፣ ጭነት የሚባል ሳይነካ ገንዘቡን ጨርሶ የሚወጣው ሰው ከእሱ የባሰ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይሠራለት አንድ ትከሻ አለ፤ የደረቀ ትከሻ ይሉታል። የመገጣጠሚያው ከረጢት ይወፍርና ይኮማተራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። መለየቱ አይከብድም። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ዘጠና ዲግሪ አጥፈው እጅዎን ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ካልሄደ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ያዙርልዎ። የደከመ ትከሻ በሌላ ሰው እጅ ይሄዳል። የደረቀው በማንም እጅ አይሄድም። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዚህ የመያዛቸው ነገር ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ትከሻው የደረቀ ሰው የደም ስኳሩን ሳይለካ አይቆይ። ስኳር እንዳለበት በትከሻው በኩል የሚያውቅ ሰው ይኖራል።

በዚህ ሕመም መጀመሪያ ላይ፣ ሌሊት ሌሊት በሚያቃጥልበት ወቅት፣ አጥብቆ መዘርጋት ያባብሳል። ሆላንድ ውስጥ በ2004 በታተመ ጥናት 77 ሰዎች ተከታትለው ሕመሙ በሚፈቅደው መጠን ብቻ የተንቀሳቀሱት ከሁለት ዓመት በኋላ 89 በመቶዎቹ ወደ ጤነኛ የተጠጋ ትከሻ ነበራቸው፤ እያመማቸው በግድ ከተዘረጉት ግን 63 በመቶው ብቻ። ሙሉ በሙሉ ሲፈታ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ወጌሻ ዘንድ የሚኬደው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለወጌሻ ንቀት የለኝም፤ እጃቸው የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን የደረቀን ትከሻ ሰው ይዞት በጉልበት መጠምዘዝ የክንድን አጥንት ይሰብራል። ሆስፒታል ውስጥ በሰመመን ሲደረግ እንኳ የሚታወቅ አደጋ ነው። «ትንሽ ጠቅ ይላል» ሲሉዎት «አይ አባቴ፣ በማሸቱ ይብቃኝ» ይበሉ።

እንቅስቃሴ ከመጀመር በፊት ሐኪም ሊያያቸው የሚገባም አሉ። ትከሻው ቀልቶ ግሎ ትኩሳት ያለው ሰው። ያለ ምክንያት እየከሳ፣ ቢቀመጥም ቢተኛም ሌሊቱን ሙሉ የማያስተኛ ሕመም ያለው። ሲራመድ ወይም ደረጃ ሲወጣ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር የግራ ትከሻው የሚያመው ሰው ትከሻውን ትቶ በፍጥነት ልቡን ይታይ። ሕመሙ ከአንገቱ ተነሥቶ ክርኑን አልፎ ጣቶቹን የሚያደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የአንገት ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲክ መጎተት አይፈታውም።

ቀዶ ሕክምና የሚገባውም ሰው አለ። የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ከሞተር ሳይክል ወድቆ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክንዱን ማንሣት ካቃተው፣ የእሱ ጅማት ያረጀ ሳይሆን የተበጠሰ ሊሆን ይችላል። የተበጠሰ ጅማት በሰነበተ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጡንቻውም በስብ ይተካል፤ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ስቦ ሊያገናኘው ይቸገራል። እንዲህ ያለውን ሰው «አሥራ ሁለት ሳምንት ላስቲክ ጎትት» ብሎ መሸኘት ስሕተት ነው። በቀናት ውስጥ ምርመራ ያግኝ፤ መሰፋት ካለበት በሳምንታት ውስጥ ይሰፋ። ከተሰፋ በኋላ ክንዱ ለጥቂት ሳምንታት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ ከዚያ የኮድማን ማወዛወዝ ይመጣል፤ ትንሿ ጠርሙስ የምትመጣው ወራት ካለፉ በኋላ ነው።